ሽቅብ በ3፣ ቁልቁል በ6

አንድ ልጅ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነስቶ ዳገቱን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ሲመለስ ቁልቁለቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ብዙ ሰው ሳያመነታ 4.5 ይላል። መልሱ ግን 4 ነው። ልጁ ዳገቱ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ከሚያጠፋው እጥፍ ነውና። መንገዱን አንድ ኪሎ ሜትር ብንለው መውጫው 20 ደቂቃ፣ መውረጃው 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 4። መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም መልሱ አይለወጥም፤ ለምን እንደማይለወጥ መረዳት ደግሞ ከመልሱ ይበልጣል። እዚህ አሜሪካ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ለሒሳብ ውድድር ሲዘጋጁ የሚለማመዱት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ያለ የዚያው ዕድሜ ልጅ የሚሠራው ጥያቄ በቁጥር አያንስም፤ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ለምን እንደሚሰጥና ከተሰጠ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

አገር ቤት የልምምድ ጥያቄ የፈተና ጥላ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሲቃረብ ዎርክሺቱ ይባዛል፤ ሞዴል ፈተና ይሰጣል፤ አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል። አስጠኚው የሚለካው ልጁ ባመጣው ውጤት ስለሆነ አጭሩን መንገድ ያስተምራል፦ ሁለቱን ፍጥነቶች አባዛ፣ እጥፍ አድርግ፣ ለድምራቸው አካፍል። ልክ ነው፤ 4 ይመጣል። አሁን ግን ጥያቄውን ትንሽ እናዙረው። ልጁ ዳገቱን በ3 ከወጣ፣ የደርሶ መልሱ አማካይ 6 እንዲሆን ቁልቁለቱን በስንት ፍጥነት መውረድ አለበት? ቀመሩን ብቻ የያዘ ልጅ ወይ 9 ብሎ ይገምታል ወይም ስሌቱ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል። የመጀመሪያውን መልስ ከነምክንያቱ የተረዳ ልጅ ግን እንዲህ ያስባል፦ ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት 6 ለመሄድ የሚያስፈልገው 20 ደቂቃ ነው፤ እሱን ደግሞ መውጫው ጨርሶታል። ለመውረጃ የቀረ ጊዜ የለም። ስለዚህ ልጁ የፈለገውን ያህል ቢሮጥ አማካዩ 6 አይሆንም። “መልስ የለውም” ማለት ራሱ የተረጋገጠ መልስ ሊሆን እንደሚችል በዎርክሺት የሚያድግ ልጅ የሚማርበት አጋጣሚ እምብዛም አያገኝም፤ አራት ምርጫ ባለው ወረቀት ላይ ከምርጫዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ትክክል ነውና።

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ከሚዘጋጁት ውድድሮች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። ማትካውንትስ እ.ኤ.አ. በ1983 ተመሠረተ፤ ኤ.ኤም.ሲ. 8 የሚባለው ደግሞ በ40 ደቂቃ የሚሠሩ 25 ጥያቄዎች አሉት፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። ወደ አገር ቤት ይምጣ የምለው ዋንጫውንና ሜዳሊያውን አይደለም። እኔን የሚማርኩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ከነአሠራራቸው በይፋ መገኘታቸው ነው፤ አንድ ጥያቄ በሦስትና በአራት መንገድ ተሠርቶ ይቀመጣል፣ ልጁም የራሱን መንገድ ከሌሎቹ ጋር ያስተያያል። ሁለተኛው፣ ማትካውንትስ ውስጥ ያለው የቡድን ዙር ነው። አራት ልጆች በ20 ደቂቃ 10 ጥያቄ ይሠራሉ፤ ለመሥራትም እየተነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየሞገተ መሄድ አለባቸው።

ውጭ አገር ያለው ሁሉ ደግ ነው የሚል ሰው ግን ከኔ ድጋፍ አያገኝም። በዚሁ ማትካውንትስ ውስጥ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተፋጠው በ45 ሰከንድ ውስጥ መልስ የሚሽቀዳደሙበት ዙር አለ። ለተመልካች ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዝግታ የሚያስብ ልጅ ሒሳብ የኔ አይደለም ብሎ እንዲሸሽ ያደርጋል። የእኛም የትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ይኸው ችግር አለበት፤ ስለዚህ ፍጥነትን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። ከዚህም በላይ እዚህ ዝግጅቱ በአብዛኛው ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የሚገዛው አገልግሎት ወደመሆን ሄዷል። እኛ ውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ውድድሩን የምስክር ወረቀት መሰብሰቢያ ካደረግነው፣ የአገር ቤቱን የፈተና ጥላ እዚህ አምጥተን ተከልነው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ክፍልፋይ መደመር የሚያስቸግረው ልጅ ባለበት ክፍል የውድድር ጥያቄ ቅንጦት አይደለም ወይ? መሠረቱ ይቅደም የሚሉት መምህራን በየቀኑ የሚያዩትን ነው የሚናገሩትና ሊደመጡ ይገባል። ይሁን እንጂ መሠረቱን በድግግሞሽ ብቻ ለማቆም የተደረገው ሙከራ የት እንዳደረሰን አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር እየተደረገ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነት፣ ኮሮና፣ የመምህር እጥረት አሉበት። የሞዴል ፈተና እጥረት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ለማለት ይከብዳል። ደግሞም የድልድዩን ጥያቄ የሚሠራ ልጅ ክፍልፋይን እየተለማመደ ነው፤ የሚለማመደው ግን የሚያደርሰው ቦታ ስላለው ነው። ደካማ ተማሪ የሚያስፈልገው ቀላል ቁጥር ያለው ከባድ ሐሳብ ነው፤ እኛ የምንሰጠው ከባድ ቁጥር ያለው ባዶ ልምምድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚለው፣ ባሕረ ሐሳብ ባለበት አገር ብዙ አይቆምም። ሊቃውንቱ በዓላትን የሚያወጡበትን ስሌት እንይ። ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ 11፣ ይህ ወንበር ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ ነው፣ 1። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው፣ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ሆኑ። በ2018 ወንበር 12 ነው፤ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፣ ድምሩ አሁንም 30። ወንበር ዜሮ ካልሆነ በቀር ለምን ሁልጊዜ 30? ይህ ለ7ኛ ክፍል ልጅ እጅግ ያማረ የውድድር ጥያቄ ነው፤ ቁልፉም 11 እና 19 ተደምረው 30 መሆናቸው ነው። እንቆቅልሹም የኛ ነው፤ “አገር ስጠኝ” እያሉ ልጅን በጥያቄ ፊት ማቆየት የእሳት ዳር ጨዋታችን ነበር። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም፣ አባ መላ የሚባሉት፣ ከጦር ሚኒስትርነታቸው እኩል የሚታወሱት የተቆላለፈ ክርክር በመፍታት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በራስ ቋንቋ ሊሠራ እንደሚችልም ሃንጋሪዎች አሳይተዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1894 ለተማሪዎች የሒሳብ መጽሔት በራሳቸው ቋንቋ ማሳተም ጀመሩ፤ ጥያቄ ያወጣል፣ ልጆች መፍትሔ ይልካሉ፣ ጥሩው ይታተማል። እነ ፖል ኤርዶሽ፣ ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ፣ በልጅነታቸው እዚያ ላይ ሠርተዋል፤ መጽሔቱም ዛሬ ድረስ አለ። ለዚያ የፈለጉት ወረቀት፣ ፖስታና ትዕግሥተኛ አርታኢ ነው።

የቋንቋው ነገር ለኛ ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ልክ የውድድር ጥያቄ በሚጀመርበት ዕድሜ። ቃል ከሚበዛበት ጥያቄ ጋር በእንግሊዝኛ ሲገናኝ የከበደው ሒሳቡ ይሁን ንባቡ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ በአማርኛ መጻፍ አለባቸው፤ ብዜት፣ አካፋይ፣ ቀሪ፣ አማካይ፣ መቶኛ፣ ሁሉም የልጁ ቃላት ናቸው። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ነው ለሚለውም፣ አራት አራት ሆነው የሚሠሩበት የሒሳብ ክበብ ከአርባ ደብተር ይልቅ አሥር ወረቀት ነው ለመምህሩ የሚያቀርበው። ለመሰብሰቢያ የትምህርት ቤቱ ክፍል ይበቃል፤ ለአራዳ ልጆች ደግሞ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከኛ ከውጭ ካለነው የሚጠበቀው፣ በየወሩ አሥር ጥያቄ በአማርኛ ጽፎ መላክና ልጆቹ የላኩትን መፍትሔ አንብቦ መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከልጆቹ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ተመርጠው በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ ይውጡ፤ መልሱ የተሳሳተ ሆኖ ሐሳቡ ጥሩ የሆነ ካለ እሱም የት ላይ እንደሳተ ተጽፎ አብሮ ይውጣ።