የአባቴ መወርወሪያና አንዲት ጥቁር መስታወት

ዛሬ ደግሞ ከደላስ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ከፊቴ ብዙ መኪና ስላለ ጊዜ አለኝ፤ እናንተም ቡና ያዙ። ባለፈው ስለ ትንሿ ካሜራዬ ስጽፍ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ፊልተር ያስፈልጋታል ወይ? የትኛውን እንግዛ?» ብላችሁኛል። ለበዓል ወደ ሀገር ቤት ልትገቡ የተዘጋጃችሁም አላችሁ። ለአንድ በአንድ ከመመለስ እዚሁ ልዘርግፈው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ነው። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ እኛን ሁሉ ያሳደገን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሸማ እየሠራ ነው። ኦስሞ ፖኬት 3 በኦክቶበር 2023 እንደወጣች የሁለት ሳምንት የሌሊት ሥራዬን ከፍዬ ገዛኋትና፣ ጃንዋሪ ላይ ይዣት አዲስ አበባ ገባሁ። ዓላማዬ አንድ ነበር፦ አባቴን በሥራው ላይ መቅረጽ። የጥር ፀሐይ ሸማው ላይ ወለል ብሎ ነበር። እኔም ካሜራዋን አውቶ ላይ አድርጌ ቀረጽኩት። «አንተ ልጅ፣ እሷ ነገር ገንዘብ ትበላለች ወይስ ታመጣለች?» እያለ እየሳቀብኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ አረፈ።

ቤት ቁጭ ብለን ቪዲዮውን ስናይ፣ እዚህ የተወለደችው ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ አያቴ ለምንድነው እንደ ሮቦት የሚንቀሳቀሰው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፤ እዚህ ጠፍቶ እዚያ ብቅ ይላል። ያ እንደ ውኃ የሚፈስ የአባቴ እጅ ይቆራረጣል። ያ ጥያቄ ልቤን ስለወጋው ነው ይህን ሁሉ የተማርኩት።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ቪዲዮ ማለት በሰከንድ 25 ወይም 30 ፎቶ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ትንሽ ሲደበዝዝ ዓይናችን አንዱን ከሌላው አያይዞ እንቅስቃሴ ያደርገዋል። የቆየው የሲኒማ ሰዎች ልማድ ሹተሩ የፍሬሙ እጥፍ ይሁን ይላል፤ በ25 ፍሬም 1/50፣ በ30 ፍሬም 1/60 ሰከንድ። የእኔ ካሜራ ግን በዚያ ፀሐይ 1/3200 ላይ ነበረች። ለምን ቢሉ የሌንሷ ቀዳዳ ኤፍ 2 ላይ የተገጠመ ነው፤ አይጠብም አይሰፋም። ብርሃን ሲበዛባት ያላት መውጫ ሹተሩን ማፍጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ከውጭ የሚቀንስላት ጥቁር መስታወት እንፈልጋለን። ኤንዲ ፊልተር የሚሉት እሱን ነው።

ቁጥሩ አያስፈራችሁ። ኤንዲ 16 ከብርሃኑ አንድ አስራ ስድስተኛውን፣ ኤንዲ 64 አንድ ስልሳ አራተኛውን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሒሳብ አለ፦ በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ ኤፍ 16 ከሆነ ሹተሩ 1/100 ነው። ይህ ወደ ኤፍ 2 ሲመጣ 1/6400 ይሆናል። ወደ 1/50 ለማውረድ 128 እጥፍ መቀነስ አለብን፤ አይኤስኦውን 50 ላይ ካወረድነው ደግሞ 64 ይበቃል። ስለዚህ አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ ኤንዲ 64 እላችኋለሁ። ለደመናና ለጥላ ኤንዲ 16 ጨምሩ። ኤንዲ 256 በረዶ ላይ ወይም ባሕር ዳርቻ ካልሆነ እኛን ብዙም አይጠቅመንም። ከራሱ ከዲጄአይ የሚሸጠው በማግኔት የሚለጠፍ ስብስብ እነዚህኑ ሦስቱን ይዟል።

እኔ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ነበር፤ እየተሽከረከረ የሚጠቁም፣ ሁሉንም በአንድ እሠራለሁ የሚል። አፕሪል ላይ ዋሽንግተን የቼሪ አበባ ሲያብብ ወስጄ ሞከርኩት። በጣም ሳጠቁረው ሰማዩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ጣለብኝ። ክብደቱ ደግሞ ለጊምባሏ ስለበዛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ይህች ሞተር በግራም የምትቆጠር ክብደት ናት የምትሸከመው፤ ለራሷ ሞዴል የተሠራና ቀላል መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

ሌላው ቀለም ነው። መጥፎ ፊልተር ነጩን ያቢጫል ወይም ያረነጉዳል። ለኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነጠላና ጋቢ የሚለብስ ሕዝብ ነን። መስኮት አጠገብ ነጭ ነጠላ ዘርጉ፣ የነጭ ቀለሙን ሴቲንግ ቆልፉ፣ አንዴ በፊልተሩ አንዴ ያለ ፊልተሩ ቅረጹ። ነጩ ከተለወጠ መልሱት።

ቤት ስትገቡ ደግሞ አውልቁት! ረስታችሁት ከገባችሁ ካሜራዋ አይኤስኦውን ትሰቅልና ምስሉ አሸዋ ይሆናል። የመብራቱን ነገርም አትርሱ፦ ሀገር ቤት መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬምና 1/50፣ አሜሪካ 60 ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 አድርጉ። ካልሆነ አምፖሉ ይብለጨለጭባችኋል።

እንግዲህ አንድ ሐቅ ልናገር። ያ ያበላሸሁት ቪዲዮ ከንቱ አልቀረም። ለሙት ዓመቱ ትልቅ ፎቶ ሲፈለግ፣ ከዚያው ቪዲዮ አንድ ፍሬም አወጣሁ። መወርወሪያው ከሁለቱ እጆቹ መካከል አየር ላይ ቆሟል፤ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። 1/3200 ባይሆን ኖሮ ያ ፎቶ አይኖርም ነበር። በፊልተር ቢቀረጽ ኖሮ ቪዲዮው ያምር ነበር፣ ፎቶው ግን ይደበዝዝ ነበር። ስለዚህ ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈልጉት ምን እንደሆነ ለራሳችሁ ጠይቁ። እንቅስቃሴውን ነው ወይስ ቅጽበቱን? ከቻላችሁ ሁለቱንም ውሰዱ፤ አንዴ በፊልተር፣ አንዴ ያለ ፊልተር። ወላጅ «ድገምልኝ» የምንለው በሕይወት እያለ ብቻ ነው።

ለሙት ዓመቱ ነሐሴ ላይ ስሄድ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሰማዩ ደመና ነው፤ ኤንዲ 16 ለጠፍኩ፣ 25 ፍሬም፣ 1/50። እንዝርቱ ሲሽከረከር ልክ ዓይናችን እንደሚያየው ደብዘዝ ብሎ ይዞራል። ለልጄ አሳየኋት። ምንም አላለችም። ጣቶቿን አፋትጋ እንደ አያቷ ማሽከርከር ጀመረች።

ወረፋዬ ደረሰ፤ የቀረውን ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ፣ ማታ እመልሳለሁ። ወላጅ ያላችሁ ፊልተሩ ባይደርስላችሁም ደውሉላቸው። በቸር ያገናኘን።