ተሳካለት እንጂ ተሳካ አይባልም

አንዳንድ ቃል ሚዛን ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ዘመን በከተማችን ሰው የሚመዘንበት ቃል «ሰክሰስ» ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራው የሚመሰገነው «በጣም ሰክሰስፉል ልጅ ነው» ተብሎ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ «ምን ይደረግ፣ ሰክሰስፉል ሆኖ ነው ያለፈው» ሲባል ሰምቻለሁ። አማርኛ ጠፍቶ አይደለም፤ «ስኬት» አለን። ግን «ስኬታማ ሰው» ስንልም የምናስበው በእንግሊዝኛው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ በቅርቡ ታክሲ ስጠብቅ አየኝና መኪናውን አቁሞ አሳፈረኝ። ጨዋታችን ወደ ክፍል ጓደኞቹ ዞረ። «መምህር፣ የእኛ ባች እኮ ሰክሰስፉል ነው! አንዱ ፎቅ ሠራ፣ ሁለቱ አሜሪካ ናቸው፣ አንዷ ባንክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዛለች» አለኝ። ከሁሉም ይበልጥ ጎበዝ የነበረውን ልጅ ጠየቅኩት። «እሱማ እዚያው ክፍለ ሀገር እያስተማረ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የበሽተኛ ወሬ የሚነግረኝ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ከነከነኝና ወደ መዝገበ ቃላት ሄድኩ። የድሮ አስተማሪ ሌላ ምን መሄጃ አለው?

«ሰክሰስ» የመጣው ከላቲን ነው፤ የግሱ ትርጉም «ተከትሎ መምጣት» ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉ የሚለው ውጤትን ነበር፤ መልካምም ይሁን ክፉ። በ1611 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በኢያሱ ምዕራፍ 1 ላይ «መልካም» የሚል ቅጽል የጨመረበትም ለዚህ ነው። ተተኪ ወይም ወራሽ የሚባለው «ሰክሰሰር»ም የዚሁ ቃል የሥጋ ዘመድ ነው። እንግዲህ በጥንቱ ትርጉም ከሄድን፣ ጥያቄው «ምን አለው?» ሳይሆን «ምን ተከተለው?» ነው። በዚህ ሚዛን በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ የሚያስከትል አስተማሪ ምን ይጎድለዋል?

የእኛ አማርኛ ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ተሳካለት፣ ቀናው፣ ሞላለት፣ ሰመረለት፣ አለፈለት እንላለን። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው ባለቤት አይደለም። የተሳካው ነገሩ ነው፣ የሞላው ነገሩ ነው፣ ያለፈው ችግሩ ነው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። «አበበ ተሳካ» ብሎ የሚናገር አማርኛ አዋቂ የለም። ታዲያ ሳይሆን ሲቀርም «አልቀናውም» እንላለን እንጂ ሰውየውን አንጥለውም። ነገ ሊቀናው ይችላላ! «ስኬታማ ያልሆነ ሰው» ስንል ግን ውድቀቱን ከነገሩ ላይ አንሥተን ግንባሩ ላይ እንለጥፍበታለን።

ይህን ስል አማርኛችን እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። «አልቀናኝም» ለሰነፍም ጥሩ መደበቂያ ነው። ሳያጠና የወደቀ ተማሪም «አልተሳካልኝም» ይላል። የእንግሊዝኛው አነጋገር ሰውን ተጠያቂ ማድረጉ ደግ ነው። ክፋቱ ድርጊትን ትቶ ሰውየውን መፈረጁ ላይ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሳን አስቡት። መኳንንቱንና ልማዱን ስለነቀፈ ዘመዶቹ እንደ እብድ ቆጠሩት፤ የተመኘውን ሳያይም ሞተ። በዛሬው ሚዛን ሰክሰስፉል ነው? በፍጹም። መጽሐፉ በታተመ በ9ኛው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የባላባቱ ሥርዓት መሠረት ተናደ። ልብ ወለዱ ናደው አልልም። ነገር ግን በልብ ወለዱ ውስጥ «እብድ» ያሰኘው ሐሳብ በእውኑ ዓለም የብዙ ሺህ ወጣት መፈክር ሆኖ ነበር። አልተሳካለትም፤ ግን ተከትሎ የመጣ ነገር አለ።

እንግዲህ ልጆቻችንን ስንመርቅ «ይቅናህ፣ ይሙላልሽ» ማለቱን አንተው። ምርቃቱ ውስጥ ሰጪ አለ፣ ጊዜ አለ፣ ሌላ ሰው አለ። «ሰክሰስፉል ሁን» ውስጥ ያለው ልጁ ብቻውን ነው።