አፈሩን ተማሪው ይመዝነው
ከተሞክሮዬ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከእስቴ ገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው የሚሄዱ የገበሬ ልጆች ናቸው። ከበላያችን ጉና ተራራ አለ፤ ውኃው ለጣና፣ ለዓባይና ለተከዜ ይከፋፈላል፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም አፈራችንን ይዞ ይወርዳል። «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎችን ዘርዝሩ» ብትሏቸው ሳይደናቀፉ ይዘረዝራሉ። ያ መልስ ከደብተር ወጥቶ ማሳ እንዲደርስ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ተማሪው ራሱ ያመጣው፣ ራሱ የለካውና ራሱ የተከራከረበት እውቀት ቤቱ ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ሁሉ ከዚህ የወጡ ናቸው።

1. አፈሩ ከስንቁ ጋር ይምጣ

ዓርብ ላይ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ «ከማሳችሁ ሁለት እፍኝ አፈር በፌስታል ቋጥራችሁ አምጡ። ስሙን፣ ምን እንደሚያበቅልና ምን እንደሚያስቸግር ወላጆቻችሁን ጠይቁ።» ሰኞ ጠረጴዛው በዋልካ፣ በቀይ አፈርና በጭንጫ ይሞላል። ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ በሬ ያደክማል፤ ይህን የሚነግረን መጽሐፉ ሳይሆን ልጁ ነው። ከዚያ አፈሩን አርጥበው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ ያስረዝሙታል። ሳይቆረጥ ረዝሞ ከወጣ ሸክላው በዝቷል፤ ቶሎ ከፈረሰ አሸዋው። ጥቂቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ከውኃ ጋር በጥብጠው ያስቀምጡታል፤ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው ግን በማግስቱም ውኃውን አደፍርሶ ይገኛል። ለዋልካውና ለቀዩ አፈር ሳይንሱ የሰጣቸውን ቨርቲሶልና ኒቲሶል የሚሉትን ስሞች የማመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው፤ የአባቱ እውቀት ሰሌዳው ላይ ሲጻፍለት ያየ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ጆሮው ክፍት ይሆናል።

2. ውኃው ሳይፈስ ግምት ይጻፍ

ሦስት የሃይላንድ ጠርሙሶች በቁመታቸው ተቀደው አፈር ይሞላሉ። አንዱ ባዶውን ይቀራል፣ አንዱ ገለባ ይለብሳል፣ በአንዱ ቀደም ብለን ገብስ እንዘራለን። እኩል አዘንብለን፣ ክዳኑ በተበሳሳ ጠርሙስ እኩል ውኃ እናዘንብባቸዋለን። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ቡድን የትኛው ውኃ ደፍርሶ፣ የትኛው ጠርቶ እንደሚወጣ ከነምክንያቱ ይጽፋል። ግምቱን የጻፈ ተማሪ ውጤቱን የሚጠብቀው የራሱ ጉዳይ ሆኖ ነው። ገብስ የበቀለበት እንደሚጠራ ሁሉም ይገምታል፤ ገለባ የለበሰው ሊፎካከረው እንደሚችል የሚገምት ግን ጥቂት ነው። ወዲያው «ቲቸር፣ ታዲያ ገለባውን ማሳ ላይ ብንተወው ከብቱ ምን ይበላል?» የሚል ይነሳል። ትምህርቱን የሠራሁት ይህ ጥያቄ እንዲነሳ ነው።

3. ቶኑን ወደ ኩንታል፣ ሄክታሩን ወደ ጥማድ

እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀምረው ነበር። በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ የመለኪያ ጣቢያዎች ነበሩት። ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ ከእነዚህ ልኬቶች ተነስቶ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገመተ። ለ15 ዓመት ልጅ «42 ቶን» ባዶ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እነሱ ይሠሩታል። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ጥማዱን የሄክታር ሩብ ብንይዝ ከአንድ ጥማድ 105 ኩንታል ይሄዳል። ከዚያው ጥማድ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሚገባ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ክፍሉ ይለወጣል። ቀጥለን ወደ ጥልቀት እንቀይረዋለን። ከአንድ ሄክታር አንድ ሚሊ ሜትር አፈር 12 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ 42 ቶን እንግዲህ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ በ30 ዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በማስመሪያ ለክተው ያዩታል። አማካይ መሆኑን፣ ተዳፋቱ ከሜዳው እንደሚብስ፣ እርከን ያለው ከሌለው እንደሚሻልም እንነጋገራለን፤ ቁጥርን ማክበር ወሰኑን ማወቅንም ይጨምራል።

4. ክርክሩ እውነተኛ ይሁን

«አፈር ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ» የሚል ክርክር ማንንም አያከራክርም። ፈሰስ ግን ያከራክራል። ገበሬው ከዘራ በኋላ ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻ ማሳውን አቋርጦ ፈሰስ ያወጣል። ለዋልካ መሬት መድኃኒት ነው። ቁልቁል ከበዛበት ግን ቦረቦር ይሆናል፤ ውኃውም የታችኛው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወርዳል። በጣና ተፋሰስ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም ፈሰስ ብቻ ያለባቸው ማሳዎች የድንጋይ እርከን ካላቸው ይልቅ ለቦረቦር የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ክፍሉን በአራት እከፍለዋለሁ፦ የላይኛው ባለማሳ፣ የታችኛው ባለማሳ፣ የግብርና ባለሙያና ሽማግሌዎች። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ከመመለሱ በፊት የሌላውን ወገን ሐሳብ በራሱ አፍ ይናገራል፣ ያኛውም «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» እስኪል ይጠብቃል። ይህ ሕግ ጩኸቱን ያበርደዋል። ብዙ ጊዜ ስምምነቱ ሣር የለበሰ የጋራ የውኃ መውረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ማን ከመሬቱ ይቆርሳል፣ ማን ይቆፍራል የሚለው ሌላ ክርክር ይከፍታል። በዚህ ሰዓት አንድ አዛውንት ገበሬ እንጋብዛለን። ልጆቹ ተነስተው «አባባ፣ ይግቡ» ብለው ይቀበሏቸዋል። እሳቸውም ፈሰሱ በምን ያህል መጋደም እንዳለበት በእጃቸው እያሳዩ ያስረዳሉ፤ ተማሪዎቹም ያንን የእጅ ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለኩታል።

5. ማነጻጸሪያው ቅርብ ነው

የዱሮው አፈር ምን ይመስል ነበር ለሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ደን መልስ አለው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናታቸውን ያካሄዱት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደኖች ነው፤ እሳቸውና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲታጠር አድርገዋል። ካህናቱን አስፈቅደን በሁለቱም በኩል የተከፈተ የወተት ጣሳ እንይዛለን። ጣሳውን በወይራና በጥድ ሥር፣ በግጦሽ መሬት ላይና በታረሰ ማሳ ላይ መሬት ውስጥ ገፍተን እኩል ውኃ እንሞላለን፣ በስልክ ሰዓት እንይዛለን። ውኃው በደኑ ውስጥ ቶሎ ሲሰርግ፣ በተረገጠው ግጦሽ ላይ ሲዘገይ ያዩታል። «ደን ውኃ ይይዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ በደቂቃና በሰከንድ ይጻፋል።

6. ክረምቱን ለተማሪው ስጡት

ትምህርት ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ አፈሩ የሚታጠበው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ ዋናው የመስክ ሥራ ከዕረፍት ጋር መግጠም አለበት። ተማሪዎቹ ከመለያየታችን በፊት በሰፈራቸው ካለ ቦረቦር አፍ ወደ ላይ በኩል ችካል ተክለው ርቀቱን ይለካሉ፤ መስከረም ላይ መልሰው ይለካሉ። ጎርፍ ሲወርድ እንዳይጠጉ አጥብቄ አሳስባለሁ። ቦረቦሩ ስንት ክንድ ወደ ማሳው እንደገባ ይዘው ይመጣሉ። ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራው ሲጀመርና ወላጆቻቸው እርከንና ክትር ሊሠሩ ሲወጡ፣ ክትሩ የት ቢገባ እንደሚሻል ቁጥር ይዘው መነጋገር ይችላሉ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተደሰተ ልጅ፣ ከመንደሩ ቦረቦር የወጣው ደለል ወዴት እንደሚያመራ በካርታ ሲከተል ጉዳዩ ይገባዋል።

7. ማንም ቤት አይወቀስ

ፍግ ማሳ ላይ መዋል አለበት። ነገር ግን ኩበት የምትጠፈጥፍ እናት እንጀራ የምትጋግረው በሱ ነው። ትምህርቱ እናትን የሚከስ ከሆነ ልጁ ወይ ያፍራል፣ ወይ ትምህርቱን ይጥለዋል። እኔ የምጠይቀው «ለምን ይነዳል?» ሳይሆን «ምን ቢኖር አይነድም?» ነው። ያኔ ምርጥ ምድጃ፣ ጓሮ ላይ የሚተከል ማገዶ፣ አመዱንና የከብቱን ትራፊ ወደ ኮምፖስት መመለስ፣ ናይትሮጂንን ከአየር የሚያስረውን ግብጦ በፈረቃ መዝራት የሚሉ ሐሳቦች ይመጣሉ። የቤቱን ሥራ የሚያውቁት ሴቶች ልጆች ስለሆኑ በዚህ ክፍለ ጊዜ ቡድኑን እንዲመሩ አደርጋለሁ።

8. «መሬት የለኝም» ለሚለው ተማሪ መልስ ይኑራችሁ

በክልላችን ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። «ለማላገኘው መሬት ምን አስጨነቀኝ?» የሚለው ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ በምክር አይታለፍም። የምመልሰው እንዲህ ነው። የወላጆቻችሁ ማሳ በወንድማማችና በእኅትማማች እየተከፈለ ይጠባል፤ ስፋቱን መጨመር አትችሉም፣ ጥልቀቱንና ልማቱን ግን ትችላላችሁ። ገበሬ ባትሆኑም ተዳፋት መለካት፣ ችግኝ ማፍላት፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ተፋሰስ በካርታ ማውጣት በዚህ አገር የሚፈለግ ሙያ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎረቤትን በማስረጃ አሳምኖ ማስማማት የምትችሉ ሰዎች ትሆናላችሁ።

እርከን በአንድ ማሳ ብቻ ተሠርቶ አይጸናም፤ ከላዩ ያለው ሰው ካልተባበረ በአንድ ክረምት ይፈርሳል። ስለዚህ በአፈር ትምህርት ውስጥ መለካትና መስማማት አብረው መሰጠት አለባቸው እላለሁ። መምህራን ባልደረቦቼ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ወስደው በራሳቸው ቀበሌ አፈርና በራሳቸው ተማሪ ጥያቄ ቢያሻሽሉት፣ እስቴም ሆነ ስማዳ፣ ጋይንትም ሆነ ፋርጣ፣ ትምህርት ቤቱ ለማሳው የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል።