ከደንገል ታንኳ እስከ ጠፈር መንኮራኩር

የጠፈር መንኮራኩር ከልባችሁ አመንጭታችሁ ሣሉ ሲባሉ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚጀምሩት ከውጪው ነው። አፍንጫዋን ያሾላሉ፤ ክንፍ ያበጁላታል፤ ከጅራቷ እሳት ያስወጣሉ። ባሕር ዳር ውስጥ በመምህርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ብዙ ያማሩ ሥዕሎች አይቻለሁ። ነገር ግን «ሰዎቹ የት ይተኛሉ? የሚተነፍሱት አየርስ ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። በእኔ አስተያየት የመንኮራኩር ንድፍ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው።

አሜሪካኖች ከሚያዝያ 1973 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ድረስ 135 ጊዜ ወደ ጠፈር የላኳቸውን መመላለሻ መንኮራኩሮች እንመልከት። የአንዲቱ ርዝመት 37 ሜትር ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 18 ሜትር የሚጠጋውን የያዘው የጭነት ክፍሉ ሲሆን፣ ሰዎቹ የሚኖሩት ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። በላይኛው ደርብ የአብራሪዎቹ መቀመጫ፣ መስኮቶችና መቆጣጠሪያዎች ነበሩ። በታችኛው ደርብ ደግሞ የምግብ ማዘጋጃ፣ መጸዳጃ፣ መኝታና የዕቃ ሣጥኖች ተደርድረዋል። በጠፈር ላይ ክብደት ስለማይሰማ ግድግዳውም እንደ ወለል ያገለግላል፤ ሰው በመኝታ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከግድግዳ ጋር ታስሮ ይተኛል። ከሳንባ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር የሚመጥ ኬሚካል የያዙ ጣሳዎች ከወለሉ በታች ተቀምጠው በየጊዜው ይለወጣሉ። ኃይድሮጂንና ኦክሲጂን ተዋሕደው ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ የሚገኘው ውሃም ለመጠጥ ይውላል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር አልነበረም።

ይህን የመሰለ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከግሽ አባይ የሚፈልቀው ወንዝ በሚገባበት በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በተለይም ወይጦዎች፣ ከጥንት ጀምሮ የደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ሠሪው ደንገሉን አጭዶ ካደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እያሰረ ታቿንና ጎኗን ያበጃል። ከዚያም በውስጧ ሌላ የደንገል ንጣፍ ከፍ አድርጎ ይደለድላል። ውሃ ከታች ቢሠርግ እንኳ ቀዛፊውና ጭነቱ ከላይ ሆነው አይርሱም። ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ስለ ሆነ፣ ከጉዞ መልስ ከውሃ ወጥታ እንድትደርቅ ትደረጋለች። እንግዲህ የታንኳ ሠሪውም እንደ መሐንዲሱ አስቀድሞ የሚያስበው በውስጧ ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችው ጀልባ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮ ተነሣች። በጥንታውያን ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ቀና ያለውን የጀልባ ጅራት ከወለሉ ጋር አያይዞ የሚወጥር ገመድ ይታያል። ጥቅሙ በሚገባ ስላልታወቀ ግን በ«ራ» ላይ ያ ገመድ ቀረ። ጅራቷ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ሄደ፤ ከ50 ቀናት በላይ ከተጓዘች በኋላም ሰዎቹ ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጥለዋት ወደ ሌላ መርከብ ተሻገሩ። በዚያው በሐምሌ ወር የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን ረገጠ። በተከታዩ ዓመት ጉድለቱ የታረመላት ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች።

በባሕር ላይ ገመድ ያደረገውን በሰማይ ላይ የጎማ ቀለበት አደረገው። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. «ቻሌንጀር» የተባለችው መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። በረዳት ሮኬቱ መገጣጠሚያ ላይ የነበረው ቀለበት በብርድ ደርቆ ስለ ነበር የሚነድ ጋዝ አሾልኮ ነበር። መሐንዲሶች በዋዜማው ሌሊት ቢያስጠነቅቁም ሰሚ አላገኙም። ከሟቾቹ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ መምህርት ነበረች፤ ለተማሪዎች ከጠፈር ሆና ትምህርት ለመስጠት ተዘጋጅታ ነበር። እኔም ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ሳይሰጥ የቀረው ያ ትምህርት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በዚህ ምክንያት «ጣና» ብዬ የሰየምኳትን መንኮራኩር በሐሳቤ ስነድፍ የምጀምረው ከውስጧ ነው። በመጀመሪያ አየሩንና ውሃውን አስባለሁ፤ ቀጥሎ መኝታውንና ማዕዱን። የጭነቱን ቦታ የምወስነው ለሰዎቹ የሚበቃው ከተመደበ በኋላ ነው። ከዚያም እያንዳንዱን ገመድና ቀለበት እያነሣሁ «አንተ ባትኖር ማን ይጎዳል?» እያልኩ እጠይቃለሁ። «አላውቅም» የሚል መልስ ባገኘሁበት ቦታ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። እናንተም የየራሳችሁን መንኮራኩር ስትነድፉ በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ይህን ሁሉ ከፈጸማችሁ በኋላ ክንፏን እንደ ወደዳችሁ አስውቡት።