የፀሐይ ድምፅ የማን ነው?

ለዛሬ ስለ ምርጫና ስለ ፓርቲ ከመጻፍ ተቆጥቤ ስለ አንዲት ቀጭኔ ልጽፍ ነው። «ይህ ምኑ ፖለቲካ ነው?» የሚል ቢኖር፣ የሕፃናትን ጆሮ ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ከብዙ የፓርላማ ክርክር ይልቅ ፖለቲካዊ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ቀጭኔዋ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የልጆች ፕሮግራም የምናውቃት የስድስት ዓመቷ ፀሐይ ናት። ድምፅ የሰጠቻት አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። ብሩክታዊትና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሀውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በመኖሪያ ቤታቸው ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች የጀመሩት ሥራ በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ሚዲያ ውድድር ሽልማት አገኘ፤ እርሷም በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች።

የፎገራ ልጅ ነኝና ነገሩን ከወረታ ሆኜ ልመልከተው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃው ሜዳውን ያለብሰዋል። ለሩዙ ሲሳይ ነው፤ ለመንደሩ ግን የመጠጥ ውሃውን የሚበክል ጠንቅ ነው። እዚህ እጅ መታጠብ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ሆኖም የፎገራ ገበሬ «ታጠቡ፣ ቆፍሩ፣ ተሰብሰቡ» የሚለውን የትእዛዝ ድምፅ በየመንግሥቱ ሰምቶታል፤ ጆሮው ደንድኗል። ፀሐይ ግን አታዝም። ትጠይቃለች፤ ትሳሳታለች፤ ከዚያ ትማራለች። የብሩክታዊት ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ አዋቂ ሆና ሳለ ከልጅ በላይ ሆና አልተናገረችም። ይህን የሚያውቅ ባለሥልጣን ስንት አለን?

እርግጥ ነው፣ መብራት ባልገባበት መንደር ቀጭኔዋ አልታየችም። ቋንቋቸው አማርኛ ያልሆነ ሕፃናትም ፕሮግራሙ በየቋንቋቸው እስኪዘጋጅ ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። ጥፋቱ ግን የድምፅ ባለቤቷ አይደለም፤ የሕፃናትን ጆሮ ከመጨረሻ ተራ ያሰለፈ ሥርዓት ነው።

በጃፓን የድምፅ ተዋናይነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማሳኮ ኖዛዋ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ጎኩ ለተባለው የካርቱን ጀግና ድምፅ ሆና ስሟ እንደ ገጸ ባሕርይው ገንኗል። እኛም ባህሉ አልነበረንም ማለት አይቻልም፤ ወላጆቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተው አልቅሰዋል። ይሁንና ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የባህል ወረራ ነው ተብሎ ብዙ ተጮኸ፤ ድምፃቸውን ስላዋሱት ወጣቶች የሥራ ዋስትናና ስም ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማሁም።

እንግዲህ የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የቴአትር ትምህርት ክፍሎቻችን የድምፅ ትወናን እንደ ሙያ ያስተምሩ፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ጣቢያዎች ለልጆች ቋሚ ሰዓትና በጀት ይመድቡ፤ የባለ ድምፁም ስም በግልጽ ይጻፍ። ለልጆቹ የሚናገረውን ሰው ስም የማይጠይቅ ሕዝብ፣ ነገ በስሙ የሚናገርለትንም ሰው አይጠይቅም።

ቸር ይግጠመን።