ሦስተኛው ሰው፦ የኢ-መንግሥት ጥናት ያላየው አገናኝ

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስለሚሰጥ የመንግሥት አገልግሎት የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ሁለት ወገኖችን ብቻ ያያሉ፤ አገልግሎት ሰጪውን ተቋምና ተገልጋዩን። ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ስፈልግ ደጋግሜ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል ዛሬም የብዙ መጠይቆች መሠረት ሲሆን፣ ተጠቃሚው ሥርዓቱ እንደሚጠቅመውና እንደማያስቸግረው ማመኑን ይለካል።

በአገራችን ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው አለ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በርካታ አገልግሎቶች ወደ ኦንላይን ተሻግረዋል። ቀድሞ በፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ ይጽፍ የነበረው የራፖር ጸሐፊ ወራሽም ዛሬ በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ቅጹን የሚሞላው እሱ ነው፤ ባለጉዳዩ ከጎኑ ሆኖ ለሚጠየቀው ይመልሳል፣ ይከፍላል። ሥርዓቱን የሚነካው አንዱ፣ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ሌላው ከሆነ፣ መጠይቁን የምናቀርበው ለማን ነው?

ጉዳቱ ኢምንት ከሚመስል ነገር ይጀምራል። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ ‹‹ፀ››ን በሁለት ፊደላት፣ ሌላው በአንድ ይወክለዋል። የልደት ዘመን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲለወጥ የሚደመረው እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ምርጫውንም ስሌቱንም የሚያከናውነው ጸሐፊው ሲሆን፣ ፓስፖርቱ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አልገጥም ሲል የሚንከራተተው ግን ባለስሙ ነው። ኢሜይል ለሌለው ሰው ጸሐፊው አዲስ ከከፈተለት ደግሞ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ይቀራል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ይህን የምለው ጸሐፊዎቹን ለመክሰስ አይደለም። እነሱ ባይኖሩ፣ ማንበብ የማይችለውና መሣሪያ የሌለው ዜጋ ከደጅ ይቀር ነበር። ሆኖም ባለጉዳዩ ከመንግሥት ክፍያ በላይ ምን ያህል ያወጣል? ስሕተት ሲፈጠር ተጠያቂው ማን ነው? ቅጹስ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በራሳችንም የዘመን አቆጣጠር ቢዘጋጅ የጸሐፊው ሚና ምን ያህል ይቀንሳል? እነዚህን ለመመለስ ድረ ገጹን ከመመዘን አልፎ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። የእኔም ጥናት ከዚያ ይጀምራል።