እንዝራው እያለ

ጋይንት ተወልዶ አዲስ አበባ ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ልጅ ለድምፅ መለወጫ ፔዳል ገንዘብ ሲያጠራቅም ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ገንዘቡ ማነሱ አይደለም፤ ገንዘብማ መቼ በዝቶልን ያውቃል። የሚያንገበግበኝ የሚፈልገውን ነገር እንደ ባዳ መፈለጉ ነው። «ዝዝ የሚል፣ ግን ውፍረቱ የማይጠፋ ድምፅ» ይላል። ለሱቅ ሻጩም፣ ከውጭ አገር ለሚመጣው ዘመዱም እንዲሁ ብሎ ይነግራል። ያን ድምፅ አያቱ ያውቁታል። በጾም ወራት ከበገና ሲሰሙት ኖረዋል።

የበገናን ነገር ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ምሥጢሩ ያለው ብርኩማው ላይ ነው። ዐሥሩ አውታር ከገበቴው ተነሥቶ፣ በብርኩማው ላይ አልፎ ወደ ቀንበሩ ይወጣል። አውታሩና ብርኩማው በሚነካኩበት ቦታ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር አንዲት ትንሽ የቁርበት ቁራጭ ትገባለች፤ እንዝራ ትባላለች። ደርዳሪው ዜማውን ከመጀመሩ በፊት በአንድ እጁ አውታሩን እየነካ በሌላው እንዝራዋን ገፋ፣ ሳብ ያደርጋታል። ያለ ልክ ከገባች ድምፁ ይታፈናል፤ ያለ ልክ ከወጣች አውታሩ ጥርት ብሎ፣ ግን ባዶውን ይጮኻል። በሁለቱ መካከል የክር ውፍረት የምታህል ቦታ አለች። እንዝራዋ እዚያ ስትደርስ አውታሩ ብርኩማውን ነካ ለቀቅ እያደረገ ይነዝራል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከሥር እንዳለ ሆኖ ከላዩ እንደ ንብ መንጋ ያለ እምምታ ይነሣል። ደርዳሪው ይህን ዐሥሩም አውታር ላይ አንድ በአንድ ያደርገዋል። ሰዓት ቢፈጅም አይቸኩልም።

ቤልጂየማዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ዌሰር ይህን ንዝረት ብለው አገራችን ድረስ መጥተው በገናን አጥንተዋል። ከደርዳሪዎቹ በቀር ከእኛ ሙዚቀኞች ስንቱ ስለ እንዝራ አስቦ ያውቃል?

ንዝረቱ ጌጥ ብቻ እንዳይመስለን። ወፍራም ድምፅ ብቻውን ሲሆን ጆሮ በቀላሉ አይይዘውም። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር፣ ኢ የምንላት፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የምትርገበገበው። ትንሽ ስፒከር ይህን አያወጣም፤ የስልክ ስፒከርማ ጭራሽ አይሞክረውም። ንዝረት ሲጨመርበት ግን በዋናው ድምፅ ላይ የእጥፍ፣ የሦስት እጥፍ፣ የአራት እጥፍ ድምፆች ይደረባሉ፤ ጆሮ እነዚያን ሲሰማ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ከራሱ ይሞላዋል። ቤዝ ላይ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም በፔዳል የሚሠራ ንዝረት፣ የሚጨመርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጩኸት ለማብዛት አይደለም። የእኛ ሰው የሚጫወተው ደግሞ ስፒከሩ ግማሹ በሞተበት ምሽት ቤትና በሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ዘፈኑም በኋላ የሚሰማው በስልክ ነው። ከእኛ በላይ እንዝራ የሚያስፈልገው ቤዝ ተጫዋች የት ይገኛል?

ይህን ያወቀ ሰው ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ንጹሑን ድምፅ ከሚነዝረው፣ ከዲስቶርሽኑ ጋር የሚያደባልቅ ቁልፍ አለው ወይ? ብሌንድ ይሉታል፤ ሚክስም፣ ባላንስም ይሉታል። ቦስ ኦዲቢ 3፣ ያ ቢጫው የቤዝ ፔዳል፣ አለው። ቤሪንገር ቢዲአይ 21 ፕላስቲክ ነው፣ በጫማ ሲረግጡት ያሳዝናል፤ ግን ብሌንድ አለው፣ በዚያ ላይ ከማይክሰር ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ መውጫ አለው፣ ዋጋውም ከቦሱ ይረክሳል። እንዝራዋን መግፋትና መሳብ ማለት ይህችን ቁልፍ ማዞር ነው።

ያላወቀው ደግሞ የተገኘውን ይገዛል። የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማው ቦስ ዲኤስ 1 ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጊታሪስቶች ሲረግጡት ኖረዋል። ለጊታር ነው የተሠራው እንጂ። አረንጓዴው አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርማ ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ የጊታሩን መሀለኛ ድምፅ ለማጉላት። ቤዝ ተጫዋቹ እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ መድረክ ላይ ይወጣል። አዝማቹ መጥቶ ዘፈኑ ሊግል ሲል ፔዳሉን ይረግጣል። ቤዙ ይጠፋል። ድራመሩ ዞር ብሎ ያየዋል፣ እሱ ደግሞ ኬብሉን ያያል፤ ኬብሉ ምንም አልሆነም።

ይህ ስሕተት ድሮም ውድ ነበር፤ አሁን ግን ኪስ ይቀድዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፊት ሁለት ፔዳል ይገዛ የነበረ ብር ዛሬ አንድ ቢገዛ ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ የማይሆን ከሆነ ከመሸጥ በቀር መላ የለም፣ የሚሸጠውም በግማሽ ዋጋ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል ልጅ ቢጠይቀኝ ዙም ቢ1 ፎር እለዋለሁ። መቃኛው፣ ኮምፕረሰሩ፣ ኦቨርድራይቩ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ፤ አዲሱ ከ100 ዶላር ብዙ አይርቅም፤ መብራት ቢጠፋ በአራት ትንንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ በጆሮ ማዳመጫ ይለማመድበታል። ፊንላንዳውያኑ ከሚሠሩት ዳርክግላስ ጋር አይወዳደርም፤ አይወዳደር። ኮረስና ፍላንጀር የሚባሉት ሌሎች ፔዳሎች ይቆዩ። አዳፕተሩ 9 ቮልት መሆኑን፣ መሀሉም ኔጌቲቭ መሆኑን ሳያይ እንዳይሰካ ደግሞ አደራ።

ወደ ቁጭቴ ልመለስ።

የልጁ አገር የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። በሌላ አገር ድጓ የዘለቀ ሰው እንኳ መምህር ለመባል ጋይንት ድረስ ሄዶ፣ በዚያ ጉባኤ ፊት ቆሞ አስመስክሮ ነው የሚመለሰው። ብራናው ላይ ከንባቡ በላይ የተጻፉት ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ ይነገራል። ድፋት ድምፅን ያወርደዋል። ቁርጥ ይበጥሰዋል። ርክርክ ያንከባልለዋል። ደረት ከጉሮሮ አውርዶ ወደ ታች፣ ወደ ደረት ይከተዋል። ሂደት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ይዘት ደግሞ አሉ። አንድ ሕፃን እነዚህን ለመለየት ዓመታት ይቀመጣል፤ ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ፣ ሌሊት ተነሥቶ ይቀጽላል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል፤ ርክርኳ አንዲት ብትጎድል ያስቆሙታል፣ ከሥሩ ያስጀምሩታል። ይህ ጆሮ ነው። ርክርክን በገዛ ጉሮሮው ያወጣ ልጅ ትሬሞሎ የሚባል ፔዳል አይቶ ሊደነቅ ባልተገባ ነበር።

ከእነዚህ ልጆች ሳያስመሰክሩ ጉባኤ ቤቱን ጥለው ከተማ የገቡ፣ ኋላም ቤዝ ያነገቡ አውቃለሁ። ልምምድ ላይ ማንም አይጠይቃቸውም፤ እነሱም አይናገሩም። የቆሎ ተማሪ ነበርኩ ማለት ያሳፍራቸዋል፤ የአሜሪካን ቤዚስት ስም መጥራት ግን አያሳፍራቸውም። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤተ ልሔም ደርሶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አይቶ «የራሴላስ ተራሮች» በሚለው መጽሐፉ ለዓለም ተናገረ። ለሕንጻው እንኳ ተናጋሪ ተገኘለት። ለጆሮው አልተገኘለትም።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ እንዳይኖር፤ ድጓውን አውጥታችሁ ምሽት ቤት ዝፈኑት አላልኩም። የማኅሌት ቦታው ማኅሌት ነው። እኔ የምለው ድምፅን የማድመጥ ትምህርት አብሮን ከተማ መግባት ይችል ነበር ነው። ጊታሩን ስናነሣ ጆሯችንን አስቀምጠን አነሣነው።

ዕድሉ በእጃችን የነበረበት ዘመን ደግሞ ይታወቃል። 1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባ ላይ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ያሳትማል፤ ሙላቱ አስታጥቄ የዋዋ ፔዳሉን ከአገራችን ቅኝት ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝ ይለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ይጫወታል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ይሰጣል፤ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማረው ዓለሙ አጋ ያስተምራል። የፈረንጁ መሣሪያ በአንድ ክፍል፣ በገናው በሌላ ክፍል፤ መሀላቸው ግድግዳ። አንድ ቤዝ ተጫዋች በሩን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ይቺን ቁርበት ያሳዩኝ እስቲ» ቢል ምን ነበረበት? አንድ የበገና መምህርስ አምፕሊፋየር አጠገብ ለአንድ ከሰዓት ቢቀመጥ?

በዚያው ዘመን መሀል ደርግ መጣ። የበገናው ትምህርት ቆመ፤ ሰዓት እላፊው ባንዱን ሆቴል ውስጥ እስከ ንጋት ቆለፈበት። ኋላ ደግሞ ኪቦርድ መጥቶ ቤዙን በግራ እጅ መጫወት ሲጀምር ቤዝ ተጫዋቹን ራሱን ከሥራ አስወጣው፤ ስለ ድምፁ ቀለም ማን ይጨነቅ? ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ባሳተመው ተከታታይ ሲዲ ቁጥር 4 ሙላቱ ነው፣ ቁጥር 11 ዓለሙ አጋ ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንድ ዘፈን ላይ ሲገናኙ ግን አልሰማሁም። ሙላቱ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሃርቫርድ ሳለ የያሬድ ኦፔራውን ከፊሉን አሰምቷል፣ ክራርንም ለማዘመን ደክሟል፤ ቤዝ ክራርም ዘግይቶ መጥቷል። ይሁን። ግን ያ ትውልድ ያኔ፣ ሁሉም ወጣት ሳለ፣ ሸክላው በየሳምንቱ ሲወጣ ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ «የሐበሻ ቤዝ ድምፅ» ተብሎ በስሙ የሚፈለግ ነገር በኖረን። ሬጌ የራሱ ቤዝ አለው፤ ከመጀመሪያው ኖታ ታውቀዋለህ። የእኛ ዘፈን የሚታወቀው በቅኝቱና በድምፃዊው ነው፤ ቤዙ የማንም ነው።

ገንዘብ አልነበረንም የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። በ1966 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ የወጣው፣ ጂሚ ሄንድሪክስ የረገጠው ፈዝ ፌስ የተባለ ፔዳል ውስጡ ቢከፈት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ቁልፍ ነው። በቃ። ለቤዝ እንዲሆን መውጫው ላይ ያለችውን ካፓሲተር ከፍ ባለች መተካት፣ ንጹሑንም ድምፅ በጎን አሳልፎ ማደባለቅ ነው። ይህን ለመሥራት ነፋስ መውጫ ወይ ደብረ ታቦር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ራዲዮ ጠጋኝ ይበቃ ነበር። ከዚያ የረቀቀ ሥራ በየቀኑ ይሠራ ነበር፤ ቆርቆሮ በከሰል አግሎ ሲበይድ ያየነው ሰው ነው። ማንም ግን ሄዶ ሥራልኝ አላለውም፤ ምን እንደሚሠራለት የሚነግረው፣ ድምፁን በጆሮው የያዘ ሰው አልመጣማ።

የዚያ ጊዜ ፈዝ የሚፈልገው የጀርማኒየም ትራንዚስተር ነው። ኤሲ 128 የተባለው ዓይነት በአሮጌ ፊሊፕስ ራዲዮኖች ውስጥ ነበር፤ አባቶቻችን ዜናና የገበያ ዋጋ የሰሙባቸው፣ በቆዳ ማኅደር ይያዙ የነበሩት እነዚያ ራዲዮኖች። ሲበላሹ መጀመሪያ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ቀጥሎ አልጋ ሥር ገቡ፣ በመጨረሻ ቁራሌው መጥቶ በፕላስቲክ ሳፋ ለወጣቸው። ያቺው ኤሲ 128 ዛሬ ባሕር ማዶ በፍሬ ተለክታ፣ ጥንድ ጥንድ ተመርጣ ትሸጣለች፤ ገብታባት የምትሠራው ፔዳል ደግሞ ዋጋዋ ከሌሎቹ ላቅ ያለ ነው፣ ክፍያውም በዶላር።